«አስቸኳይ»ን የቀረጸች እጅ

ሰፈርተኛው «ግልብጧ» ይላታል። ጠባይዋ ተገልብጦ አይደለም፤ ፊደል ገልብጣ ስለምትጽፍ ነው። ማህተም ቀራጭ ናት። ጎማ ላይ የምትቀርጸው ፊደል ሁሉ ፊቱን አዙሮ ነው የሚቆመው፤ ቀለም ነክሮ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ብቻ ይቃናል። ይህን ያህል ዘመን ከተገለበጠ ነገር ጋር የኖረ ሰው ትንሽ መጣመሙ አይቀርም እያለ የሚያማት አለ። ይማት። እሷ ሐሜትን እንደ ጎማ ብናኝ እፍ ብላ ነው የምታልፈው። እፍ ብላ ያላለፈችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ቂሟ ነው። መቅረጫ ቢላዋዋን በሳለች ቁጥር እሱንም አብራ ትስለዋለች።

ሱቋ ከአንድ ፎቅ ቤት ደረጃ ሥር የተወሸቀች ጠባብ ክፍል ናት። ረጅም ሰው ከገባ አንገቱን ሰብሮ ነው የሚቆመው። ከላይ ሰው በወጣና በወረደ ቁጥር ጣሪያው ይንኳኳል። ጠረጴዛዋ ላይ ቢላዋዎቿ፣ ማስቲሽ፣ ሸካራ ወረቀት፣ ሥራዋን የምታይበት ትንሽ መስታወትና ቀይ ቀለም የጠጣ ስፖንጅ ተደርድረዋል። ከጠረጴዛው ማዶ፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ታናሽ እህቷ ትቀመጣለች።

ታናሽየው ዓይኗ አያይም። ጣቷ ግን ጉድ ነው። የተቀረጸውን ጎማ በጣቷ ጫፍ እየዳሰሰች ታነበዋለች። «እትዬ፣ የ‹ቸ› እግር ተቆርጧል» ትላለች፤ ታላቅየው በመስታወት ስታየው እውነትም ተቆርጧል። ጎማው ደህና ሆኖ ሲገኝ ፓውደር ነስንሳ፣ በወረቀት ጠቅልላ ለባለቤቱ የምታስረክበው እሷ ናት። ያለ እሷ ጣት ከዚያ ቤት የወጣ ማህተም የለም።

ክብ ማህተም ለማስቀረጽ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያስፈልጋል። ቲተር ግን፣ ያቺ ስም ወይም ቃል ብቻ የምትይዘው አራት ማዕዘን፣ ፈቃድ አትጠይቅም። የፈለገ ሰው የፈለገውን ቃል አስቀርጾ ይሄዳል። የመሥሪያ ቤት ሰው ደግሞ ከቃል ሁሉ የሚወደው የጥድፊያውን ነው። ግልብጧ በዚህ ላይ የራሷ ትምህርት አላት፤ ሳትጠየቅ ታስተምራለች።

«‹ቶሎ› የእናት ነው» ትላለች። «‹ቶሎ ነይ፣ ውሃው ሊፈስ ነው› ይባልበታል፤ ወረቀት ላይ ቢመታ ያስቃል። ‹አጣዳፊ›ን ለበሽታ ተውለት። ‹ድንገተኛ› ሳያስቡት የሚመጣ ነው፤ ከርሞ ከርሞ የሸበተ መዝገብ ላይ ድንገተኛ ብሎ መምታት ነውር ነው። ‹አፋጣኝ› ብቻውን መቆም አይችልም፤ ተከታይ ይፈልጋል፤ አፋጣኝ መልስ፣ አፋጣኝ እርምጃ ይባላል እንጂ ‹አፋጣኝ ነኝ› የሚል ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ችኮላ የሰው ጠባይ ነው፤ ጥድፊያ የሥራ ነው፤ ውክቢያ ግን ከአለቃ ነው የሚመጣው።»

ደንበኛው ይስቃል። «‹አስቸኳይ›ስ?» ብሎ የጠየቃት እንደሆነ ግን አንገቷን ደፍታ ጎማዋን መፋቅ ትጀምራለች። ስለዚያ ቃል አታስተምርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽየው ገና ዓይናማ ሳለች፣ አንድ ቀን ራሷን ይወቅራት፣ ዓይኖቿም ይቀሉ ጀመር። የሰፈሩ ሐኪም በባትሪ አየና ፊቱ ተለወጠ። «ይኼ ነገ ዛሬ የሚባል አይደለም። ትልቁ ሆስፒታል ትግባ» አለ። ለመግባት ደግሞ የጤና ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ የሚፈርምበት የሪፈር ወረቀት ያስፈልግ ነበር።

ይህን ኃላፊ ሠራተኞቹ «አቶ ይደርሳል» ይሉታል። አንቱታውን የፈለገ ይስጠው፤ እኔ አልሰጥም። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት እንደ ጭድ ተከምሮ፣ እሱ ከክምሩ ጀርባ ጥፍሩን ይሞርዳል። ደንቡ አንድ ነበር፦ «አስቸኳይ» የሚል ቀይ ቲተር ያረፈበት ወረቀት በዚያው ዕለት ይታያል፤ ሌላው ተራውን ይጠብቃል። ቲተሯ አንድ ብቻ ነበረች። መሳቢያው ውስጥ ትቆለፋለች፤ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው። ለማን እንደሚመታ እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ አብዛኛውን ጊዜ ለሚያውቀው ሰው ይመታል።

ግልብጧ እህቷን ኮሪደሩ ላይ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጣ ገባች።

«ጌታዬ፣ እህቴ ዓይኗ ሊጠፋ ነው። ሐኪሙ ዛሬውኑ ብሏል።»

«ይደርሳል።»

«ጌታዬ፣ ጊዜ የሚሰጥ ነገር አይደለም። እባክዎ ያቺን ቲተር ይምቱልኝ።»

«አንቺ ሴትዮ» አለ፣ ጥፍሩን ከመሞረድ ሳያቋርጥ፣ «እዚህ የሚመጣው ሁሉ አስቸኳይ ነኝ ይላል። አስቸኳይ የሚባለውን የማውቅ እኔ ነኝ። ምን ያዋክብሻል?»

መሳቢያው ገርበብ ብሎ ነበር። ግልብጧ አጮልቃ ስታይ ቲተሯን አወቀቻት። እሷው የቀረጸቻት ናት። ያን ዕለት ቢላዋው ሸርተት ብሎባት የ«ኳ» ጭራ ከልኩ ረዝማ ቀርታ ነበር፤ ያቺ ጭራ ቀይ ቀለም ለብሳ ወደ እሷ ትመለከታለች። በገዛ እጇ የቀረጸችው ቃል ነው፤ በገዛ እጇ የቀረጸችው ቃል ለእህቷ ተከለከለ። ሰውዬው አረንጓዴ እስክሪብቶውን አንሥቶ በወረቀቷ ጥግ ላይ «ተራውን ይጠብቅ» ብሎ ጻፈና ከክምሩ ሥር ሰደደው።

ግልብጧ በማግሥቱ ተመለሰች፤ በሦስተኛውም ቀን። ያላለችው የልመና ቃል አልቀረም። «ይደርሳል» ይላታል። እህቷ ኮሪደሩ ላይ ዓይኗን በመሐረብ ሸፍና ትጠብቃለች፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ያ «ይደርሳል» የሚለው የሰለቸው ድምፅ ተከትሎ ይወጣል። አንድ ቀን፣ ግልብጧ እንደ ልማዷ አፍራ ስትወጣ፣ ታናሽየው መሐረቡን ከዓይኗ ላይ አነሣችና ጠየቀቻት።

«እትዬ፣ መብራት ጠፋ እንዴ?»

እኩለ ቀን ነበር። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ጉልበቷ ላይ ተቀምጣለች።

ፊርማው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የትልቁ ሆስፒታል ሐኪም መረመራትና እጁን ታጥቦ ሲያበቃ «ምነው ቀደም ብላችሁ በመጣችሁ» አለ። ግልብጧ ያን ጊዜ አላለቀሰችም። እንባዋን እንኳ ለዚያ ሰውዬ ሲባል ማፍሰስ አንገፈገፋት። ፈጣሪ ይፍረድበት አላለችም፤ የፈጣሪ ጠረጴዛም እንዳይሞላ ፈርታ ይሆናል። «እኔው እፈርድበታለሁ» አለች።

ታናሽየው ጨለማውን ከእሷ ቀድማ ለመደችው። ጎማ መዳሰስ የጀመረችውም እጇ ሥራ እንዳይፈታ ብላ ነበር። ግልብጧ በተብሰለሰለች ቁጥር ትገሥጻታለች።

«ተይው እትዬ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው።»

«እኔ መች ልጸልይ አልኩ?» ትላታለች ታላቅየው።

ቂም የያዘ ሰው መንገድ አያጣም። አንድ ቀን የዚያው ጽሕፈት ቤት የመዝገብ ቤት ኃላፊ፣ ስትስቅ ሱቁን የምትሞላ ደንዳና ሴት፣ ዝቅ ብላ ገባች። «ሰውዬው ቁልፉን ኪሱ ከቶ ስብሰባ ይሄዳል፤ እኛ ሥራ ፈተን እንውላለን» አለች። «ለእኔም አንዲት ‹አስቸኳይ› ሥሪልኝ።»

ግልብጧ ቢላዋዋን አስቀመጠች። ሐሳቡ የመጣላት ያን ጊዜ ነው።

«አስቸኳይማ የእሳቸው ናት፤ ቢያዩብሽ ይጣሉሻል» አለች፣ ድምፅዋን ማር አድርጋ። «ለአንቺ ‹አፋጣኝ መልስ የሚሻ› ልሥራልሽ። ከእሳቸው በምን ታንሺያለሽ?»

መዝገብ ቤቷ ከማንም የምታንስበት ነገር ስላልታያት ተስማማች።

ብዙም አልቆየ፤ የመድኃኒት ክፍሉ ኃላፊ መጣ። ሌላ ሰው ያገኘው እንዳይቀርበት የሚጓጓ፣ ቅናት ያከሳው ሰው ነው። «መዝገብ ቤቷ የሆነ ነገር አሠርታለች አሉ» አለ፣ ግድ እንደሌለው ሁሉ ግድግዳውን እያየ።

«ለእርስዎማ ‹ለነገ የማይባል› ነው የሚሆነው።»

«ከእሷ ይበልጣል?»

«ጌታዬ፣ አፋጣኝ ማለት እኮ ማታም ቢደርስ አፋጣኝ ነው። ለነገ የማይባል ግን ነገ የሚባል ቀን አያውቅም።»

የከሳ ፊቱ ወዝ አወጣ። እሱ በሄደ ማግሥት የመስክ ክፍሉ መጣና «ፋታ የማይሰጥ» የሚለውን ወሰደ። የዕቅድ ክፍሉ «ሳይውል ሳያድር የሚፈጸም» አስቀረጸ። መዝገብ ቤቷ መበለጧን ስትሰማ ተመልሳ «እጅግ አፋጣኝ» አስባለች። ግልብጧ አንዱን በሌላው ላይ እያስቀናች፣ ለእያንዳንዱ ቃሉን ከነአገባቡ እያስረዳች ሸኘች። የግቢው ዘበኛ እንኳ አልቀረም፤ «ለእኔስ?» ብሎ መጥቶ «አሁኑኑ» የሚል ተሠራለት፤ በመኪና መግቢያ ወረቀት ላይ ይመታው ጀመር።

ወሩ ሳያልቅ ያ መሥሪያ ቤት ደም የተረጨበት መሰለ። ቀይ ያልተመታበት ወረቀት ጠፋ። እግሩ የተሰበረ ወንበር ማስጠገኛው ለነገ የማይባል ሆነ። የሻይ እረፍት ድልድሉ ፋታ የማይሰጥ ሆነ። የአቶ ይደርሳል ቲተር፣ ያቺ ጭራዋ የረዘመ «አስቸኳይ»፣ ከሁሉ በታች ዋለች። ጸሐፊው ወረቀት ይዞ ይገባና «ጌታዬ፣ ይኼ አስቸኳይ ብቻ ነው፤ ከሥር ይግባ?» ይለዋል። ሰውዬው ጥፍር መሞረድ ተወ። ይጮሃል፣ ይከለክላል፣ «ከእኔ ቲተር በቀር አይሠራም» ብሎ ማስታወቂያ ይለጥፋል፤ ማስታወቂያው ላይ ማን እንደመታበት ሳይታወቅ «ሳይውል ሳያድር የሚፈጸም» የሚል ቀይ ተገኘ።

ግልብጧ አንዳንድ ቀን ምክንያት ፈጥራ በዚያ ግቢ ታልፋለች። በመስኮቱ ክምሩን ታያለች፤ ከክምሩ ጀርባ የሰውዬውን ግንባር ታያለች፤ ላቡን ሲጠርግ ስታይ ደስ ይላታል። ደስ ይላታል ማለት ያንሰዋል፤ አንጀቷ ቅቤ ይጠጣል። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እያለች፣ እያንጎራጎረች ወደ ሱቋ ትመለሳለች። ለእህቷ ግን አትነግራትም፤ ታናሽየው የሚወጣውን ቲተር ሁሉ በጣቷ ስለምታነብ መንገር እንደማያስፈልግ ረስታለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ አንድ ተሸካሚ በሩ ላይ ቆመ። ገመዱ ትከሻው ላይ ነው። መግባት ፈርቶ ከውጭ ተናገረ።

«እመቤቴ፣ የቃል ማህተም የሚሠራው እዚህ ነው አሉኝ። ሚስቴ ታማብኛለች። የሪፈር ወረቀቷ ጤና ጽሕፈት ቤት ገብቶ ቀረ። እዚያ ያለ ማህተም የሚታይ ወረቀት የለም አሉኝ። ከሁሉም የሚበልጠውን ቃል ይሥሩልኝ።»

ግልብጧ ናሙና ወደ ሰቀለችበት ግድግዳ ቀና አለች። አፋጣኙም፣ ለነገ የማይባለውም፣ ፋታ የማይሰጠውም፣ ሁሉም እዚያ ነበሩ። ሁሉንም ሰጥታቸዋለች። ለዚህ ሰውዬ የሚበቃ አንድም ቃል አላስተረፈችም።

ታናሽየው ናት የተናገረችው፤ ድምፅዋ ከወትሮው ወፍሮ ነበር።

«እትዬ፣ ያን ጊዜ ኮሪደር ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። ዛሬ የዚህ ሰውዬ ሚስት ናት። እኔ ዕውር ነኝ እንጂ ደደብ አይደለሁም፤ የምትሠሪውን ሁሉ ዳስሼዋለሁ። ለእኔ ዓይን ብለሽ የስንቱን ልታጠፊ ነው? በቀል አማረሽ? እሺ። ለባለቤቱ ስጪው፤ መንገደኛ ላይ አትበትኚው።»

«አንቺ አይደለሽ እንዴ ተይው የምትይኝ?»

«ተይው ያልኩሽ አንቺን እንዳያበላሽሽ ብዬ ነው። እኔ ይቅር አልኩት አላልኩም።»

ግልብጧ ይህን ሰምታ አታውቅም። ታናሽየው በውስጧ ምን ይዛ እንደምትኖር ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማትና ተነሥታ ሱቁን ዘጋች። ከተሸካሚው ጋር መዝገብ ቤቷ ዘንድ ሄደች። ሦስቱ ተንበርክከው ክምሩን ሲያገላብጡ ዋሉ፤ የሴትዮይቱ ወረቀት ከወንበር ማስጠገኛው ሥር ተገኘ። መዝገብ ቤቷ ራሷ ይዛው ገባች፤ አቶ ይደርሳል ምን እንደሚፈርም እንኳ ሳያይ ፈረመ። ተሸካሚው ወረቀቱን ደረቱ ውስጥ ከቶ ሮጠ። ከዚያን ቀን ወዲያ የጥድፊያ ቃል ለመጠየቅ የመጣ ሰው ሁሉ «አልቋል» ተባለ።

ክምሩ ግን በራሱ ጊዜ ፈነዳ። የመድኃኒት ማቀዝቀዣው ይጠገን የሚል ወረቀት ለነገ የማይባሉ ወረቀቶች ሁሉ ሥር ተቀብሮ ተገኘ፤ ውስጡ የነበረው መድኃኒት ተበላሽቶ ተጣለ። ከበላይ መሥሪያ ቤት መርማሪዎች መጡ። ሁሉም ክፍል ጣቱን ወደ አንድ ሰው ቀሰረ፤ አቶ ይደርሳልም ከሥራ ታገደ። ይግባኝ ማለት እንደሚችል ተነገረው።

የይግባኙ ቀን ሊያልቅ ጥቂት ሰዓት ሲቀረው፣ ከደረጃው ሥር አንድ ሰው በጥድፊያ ሲገባ ራሱ ከጣሪያው ጋር ተጋጨ።

«ወይኔ ራሴን! ማህተም ቀራጯ አንቺ ነሽ?»

ያው ድምፅ ነው። የታናሽየው ጣቶች ጎማው ላይ እንዳሉ ቆሙ። ግልብጧ ቀና ብላ አየችው። ከራባቱ ወደ ጎን ዞሯል፤ ጢሙ አድጓል። ፊቷን አየ፤ አላወቃትም። ስንት ቀን ፊቱ ቆማ የለመነችውን ሴት፣ አላወቃትም።

«ምን ልታዘዝ?» አለች።

«አንዲት ቲተር፣ ቶሎ! ይግባኝ ነው። የበላይ መሥሪያ ቤቱ መስኮት ሳይዘጋ ማስገባት አለብኝ። እዚያም ወረቀት እስከ ጣሪያው ተከምሯል፤ ሁሉም አስቸኳይ፣ ሁሉም ለነገ የማይባል። የእኔ ከሥር ከገባ አለቀልኝ፤ ሳይታይልኝ በቦታዬ ሌላ ሰው ይሾማል።»

«ምን የሚል ይሁን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ከሁሉ የሚበልጠውን!»

«አጣዳፊ ልበል?»

«እሱ የተቅማጥ ነው፣ ተይው።»

«ድንገተኛ?»

«ድንገተኛ ይግባኝ አለ እንዴ? እባክሽ አትቀልጂ፤ ሰዓቴን እያየሁ ነው። እነዚህን ሁሉ ሲያዩ ውለው ዓይናቸው ደንዝዟል። አዲስ ይሁን። ያየው ሰው እጁ ወዲያው እንዲታዘዝ የሚያደርግ ቃል።»

ግልብጧ ከጠረጴዛው ሥር አዲስ ጎማ አወጣች።

«አንድ አለኝ» አለች። «እስካሁን ለማንም አልሠራሁትም። ኃይለኛ ነው። ወረቀት ላይ ካረፈ ማንም አይደፍረውም፤ ሲሠራ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«እሱን! እሱን አድርጊልኝ!»

መቅረጽ ጀመረች። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ያማረ ፊደል አልወጣላትም። ሰውዬው ካንዱ እግሩ ወደ ሌላው ይዘላል፣ ሰዓቱን ያያል፣ «ምነው ዘገየሽ፣ አንቺ ሴትዮ» ይላል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፣ ጌታዬ» አለችው፣ ዓይኗን ከጎማው ሳትነቅል። እያንዳንዱን ፊደል እየገለበጠች፣ በአረንጓዴ ቀለም የተጻፈውን በልቧ እያየች ቀረጸችው። ጎማውን ለዘመን እንደሚኖር አድርጋ በማስቲሽ ከእንጨቱ ጋር አጣበቀችው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይነገርላት። ሳይሞከር ከእጇ የወጣ ቲተር የለም፤ ደንበኛው ፊት ነጭ ወረቀት ላይ መትታ ታሳያለች፤ ደንቧ ነው። ዛሬም ነጭ ወረቀት ሳበች።

«ሙከራ ልምታልዎ?»

«ምን ሙከራ! መስኮቱ ሊዘጋ ነው እኮ! አምጪው!» ብሎ ከእጇ ነጠቀ። ጎማውን ወደ ብርሃን አድርጎ አየው፤ የተገለበጠውን ፊደል እንደሚያነብ ሰው ራሱን ነቀነቀ። «ደህና ነው፣ ደህና ነው።»

«እህቴ ፓውደር ታድርግበት» አለች ግልብጧ፣ መልሳ እየተቀበለችው።

ታናሽየው እጇን ዘረጋች። ፓውደሩን ነሰነሰችና እንደ ልማዷ ጣቷን ከዳር ጀምራ አሳለፈች። ጣቷ ቀስ እያለ ሄደ። መሐል ላይ ቆመ። ተመልሶ ከመጀመሪያው ጀመረ፤ እስከ መጨረሻው ፊደል ደረሰ። አሁን «እትዬ፣ ይኼ ተሳስቷል» ብትል ሁሉም ነገር አበቃ ማለት ነው። ከላይ ደረጃው ላይ ሰው ሲወርድ ጣሪያው ተንኳኳ።

ታናሽየው ቲተሯን በወረቀት ጠቀለለችና ወደ ድምፁ አቅጣጫ ዘረጋችለት።

«ጌታዬ፣ ቀለም በደንብ ያጥግቡት» አለች። «ጠበቅ አድርገው ይምቱት።»

ሰውዬው እንኳንስ ሊያመሰግን ዞር ብሎም ሳያይ ሮጦ ወጣ፤ ሲወጣም ራሱ ሁለተኛ ተጋጨ።

«አነበብሽው?» አለች ታላቅየው።

«አንዲት ፊደል አልተሳሳተችም» አለች ታናሽየው።

የሆነውን በማግሥቱ ጠዋት ያወራቻቸው መዝገብ ቤቷ ናት። እሷም የራሷን ወረቀት ልታስገባ መስኮቱ ዘንድ ቆማ ነበር። ሰውዬው እያለከለከ ደረሰ፤ ቲተሯን ቀይ ቀለም አጠገበ፤ ይግባኙ ግንባር ላይ በሙሉ ክንዱ መታ። ሲያነሣው «ተራውን ይጠብቅ» ይላል። መጀመሪያ አልገባውም፤ ወረቀቱን ዘቅዝቆ አየው። ከዚያ በመሐረቡ ሊጠርግ ሞከረ፤ ቀለሙ ዙሪያውን ተለቀለቀ እንጂ ፊደሉ አልጠፋም። ሌላ ቅጂ አልያዘም፤ ጽፎ ለማምጣት ደግሞ ሰዓቱ አልቋል። የመስኮቷ ሠራተኛ «ያስገባሉ ወይስ ልዝጋ?» አለችው። አስገባ።

«አየችውና ‹ከወዲሁ ተወስኖበታል እንዴ?› አለችው» አለች መዝገብ ቤቷ፣ ሳቋ እያነቃት። «‹ኧረ ስህተት ነው!› ይላታል። ‹እኔ ማህተም ነው የማነበው፣ ጌታዬ፤ ስህተት አላነብም› ብላ ወስዳ ከሁሉ ሥር አስገባችው። አንቺ ግን፣ ምን ነክቶሽ ነው እንዲህ ያለ ስህተት የሠራሽው?»

«እርጅና ነው» አለች ግልብጧ።

መዝገብ ቤቷ ከሄደች በኋላ በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። አሁን አልሮጠም፤ ጎንበስ ብሎ ገባ፤ ራሱም አልተጋጨም። ከራባት አላሰረም። ቲተሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት።

«ምን አድርጌሽ ነው?» አለ።

ግልብጧ ለዚህ ቀን ስንት ንግግር አዘጋጅታ ነበር። ሌሊት ሌሊት ስትደግመው የኖረችው፣ ስድቡ ከእርግማኑ በመልክ በመልኩ የተደረደረ ንግግር። አሁን አንዱም አልመጣላትም። በቢላዋዋ ጫፍ ወደ እህቷ አመለከተችው። ታናሽየው ፊቷን ቀና አደረገች፤ ከሱቁ ጨለማ ውስጥ የማያዩት ዓይኖቿ ትክክል ፊቱ ላይ አረፉ።

«ኮሪደርዎ ላይ ነበርኩ» አለች። «ዓይኔን በመሐረብ ሸፍኜ። ሐኪሙ ዛሬውኑ ብሎኝ ነበር፤ እርስዎ በአረንጓዴ ጻፉብኝ።»

ሰውዬው ዓይኖቿን አየ፤ ቲተሯን አየ። ትዝ ይበለው አይበለው አይታወቅም፤ ፊቱ ግን አመድ መሰለ።

«ብዙ ሰው ነበር እኮ» አለ። «ክምሩ… ሁሉም ሰው…» ከዚያ ለራሱ እንደሚናገር ሁሉ፣ «አሁን ያ ይግባኝ መቼ ይሆን የሚታይልኝ?» አለ።

ታናሽየው ከጠረጴዛው ላይ የሚቀጥለውን ጎማ በዳበሳ አነሣች። ጣቷን ከመጀመሪያው ፊደል ላይ አኖረች።

«ይደርሳል» አለችው።